ከቬንትሌተሩ በላይ እንዳይሰማ

ቅዳሜ ቀትር ላይ ዕዝራ የቤቱን በር ከውስጥ ቀረቀረና ጆሮውን እንጨቱ ላይ አሳርፎ ቆመ። ግቢው ጸጥ ብሏል። የድሬ ሰፈር ከዚራ ምሳዋን በልታ ተጋድማለች። ሱቁ ተዘግቷል፤ የባጃጅ ነጂዎቹ ከዛፉ ሥር በባጃጃቸው የኋላ ወንበር ላይ እግራቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ተኝተዋል። የግንቦት ፀሐይ ያረፈበት ቆርቆሮ አልፎ አልፎ ቀጭ ይላል። ከዚያ ሌላ ድምፅ የለም።

ከቀኑ ሰዓታት ሁሉ ዕዝራ የሚወዳት ይህችን ነው። ሳምንቱን ሙሉ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የተሰፉ ሱሪዎችን እየገለበጠ ስፌታቸውን ሲያይ ይውላል፤ ከጀርባው የስፌት መኪናዎቹ ያለ ማቋረጥ ይጮኻሉ። ጠያቂውም መላሹም እየጮኸ በሚያወራበት በዚያ ቦታ እሱ ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ይግባባል። አንድ ቀን «አይ» ብሎ ቃል ቢያወጣ፣ የሥራ ጓደኞቹ «ዛሬ ዕዝራ ንግግር አደረገ!» ብለው ሳምንት ሳቁበት። አልከፋውም። ቤቱ ገብቶ ኡዱን፣ ያንን የዓረብ ባለ ክር መሣሪያ፣ ከግድግዳው ሲያወርድ የሚያገኘውን እነሱ አያውቁትም። እዚህ ማንም አያየውም፤ ማንም «ድገመው» ወይም «ተወው» አይለውም። አንዲቱን የዜማ ሐረግ አፉ ውስጥ እንዳለች ከረሜላ እያገላበጠ ቀትሩን ሊጨርስ ይችላል።

ዛሬ ግን ኡዱን ሁለቴ አውርዶ ሁለቴ መልሶ ሰቅሎታል። ነገ የታናሽ እኅቱ የየኔነሽ ሰርግ ነው።

ሰርጉ የሚደገሰው ሳቢያን ሰፈር፣ በአክስታቸው ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው። ሙሽራው ሊወስዳት ሲመጣ፣ ከዳሱ ከመውጣቷ በፊት የኔነሽ የወላጆቿን ጉልበት ትስማለች። እናታቸው ልጆች ሳሉ ነው ያረፉት። አባታቸው አቶ ገብረ መድኅን፣ ዕድሜያቸውን በባቡር ጥገና ቤት የጨረሱት ሰው፣ ባለፈው ክረምት ተከተሏቸው። ስለዚህ በአባት ወንበር የሚቀመጠው ዕዝራ ነው።

ይህንን ስትነግረው ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ አይታ የኔነሽ ሳቀች።

«መቀመጥ ብቻ ነው እኮ! ምርቃቱን አክስቴ ትመርቃለች። አንተ ጉልበትህን ይዘህ ና።»

«እሺ።»

«ግን አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ጉልበትህን ስስም ያንን ያንተን ዜማ ልስማ። የቀትሩን።»

«እንዴት አድርጌ? እኔ ወንበሩ ላይ ነኛ!»

«ቅዳው! ስልኩን ለምን ገዛኸው? ለመደወል እንደሁ አትደውልበት።» ከዚያ ሳቋን ተወችና አንገቷን ዘንበል አደረገች። «አባባ ያለ ይመስለኛል ዕዝራ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ቃል ገባላት። ከዚያ ወዲህ ባገኘው ቀትር ሁሉ ይቀዳል፤ ያዳምጣል፤ ያጠፋል። አሁን ሌላ ቀትር አልቀረውም። የዳሱን ሙዚቃ የያዘው ዲጄ ቡልቻ ትናንት ቁርጡን ነግሮታል። «አቦ፣ ነገ ሳይጨልም ካልላክልኝ እኔ ያለኝን እለቅበታለሁ። ለጉልበት መሳሚያ የሚሆን አንድ አሪፍ አለኝ፤ ሞንታርቦውን የሚሰነጥቅ!»

ዕዝራ ሲቀዳ የከረመውን ሁሉ ያጠፋው በአንድ ምክንያት ነው። በቬንትሌተሩ።

ቬንትሌተሩ ከመኝታ ቤቱ ጣሪያ መሐል የተንጠለጠለ ባለ ሦስት ክንፍ ነው። አቶ ገብረ መድኅን በገዛ እጃቸው የሰቀሉት፣ ዘይት የሚያጠጡት፣ ከልጆቻቸው ቀጥሎ የሚሳሱለት ዕቃ ነበር። አንደኛው ክንፉ ትንሽ ስለ ተጣመመ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር «ቃ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ወፍራም፣ የማያቋርጥ ማጉረምረም አለው። ቀትር ቀትር አባትየው ሽርጣቸውን አገልድመው ሰሌኑ ላይ ይጋደማሉ፤ ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ይተኛሉ፤ ማንም ትንፍሽ አይልም። አንድ የመናዊ ልብስ ሰፊ ከተማውን ሲለቅ አሮጌ ኡዱን ለአቶ ገብረ መድኅን ትቶላቸው በሄደ ጊዜ፣ ትንሹ ዕዝራ ከእጁ አላወርድ አለ። በዚያች ሰዓት እንኳ።

አባትየው ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈቀዱለት። «ተጫወት። ግን ከቬንትሌተሩ በላይ እንዳይሰማኝ።»

እንዲህ ሆኖ ለመደው። መምቻውን ጨብጦ አይመታም፤ ክሩን የሚዳብስ ነው የሚመስለው። ሰው ፊት ተጫውቶ አያውቅም። ሙዚቃው ሁሉ ያደገው በዚያ ክንፍ ሥር ነው።

ይሁን እንጂ የሰርግ ታዳሚ በሙሉ ያንን ቋቋታ በሞንታርቦ ሲሰማ ያስበውና አንገቱ እስከ ጆሮው ይግላል። ስለዚህ ዛሬ ቆርጧል። ስልኩን ጉልበቱ አጠገብ ወንበር ላይ አቆመ፤ መስኮቱን ዘጋ፤ በመጨረሻ ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ አደረገና ቬንትሌተሩን አጠፋው። ክንፎቹ እየዘገዩ፣ እየዘገዩ ቆሙ።

ሙቀቱ ከጣሪያው እንደ ብርድ ልብስ ወረደበት።

መጫወት ጀመረ። ከአምስተኛው ምት በኋላ ቸኮለ፤ ለምን እንደ ቸኮለ አላወቀም። አቆመ። እንደገና ጀመረ። አሁን ደግሞ ክሩን ከልክ በላይ መታውና ራሱ ደነገጠ። ድምፁ ራቁቱን ወጥቶ ግድግዳው ላይ የተላተመ መሰለው። ሦስተኛውን ሲጀምር ላቡ ከቅንድቡ ወርዶ ዓይኑን አቃጠለው። ወፍራሙን ክር አንዴ አጠበቀው፣ አንዴ አላላው፤ ክሩ ግን የሚያርፍበት ያጣ ይመስላል። ብዙ ሺህ ጊዜ የተጫወተው ዜማ በእጁ ላይ ባዕድ ሆነ። ከዓመት በላይ ሳያየው የቆየ ሰው እንኳ እንዲህ አይጠፋበትም።

ስልኩ ጮኸ። የኔነሽ ናት።

«ቀዳኸው?»

«እ… እየቀዳሁ ነው።»

«ዕዝራ ውሸት አትችልበትም። ቡልቻ ሁለቴ ጠየቀኝ። ካልሆነ ንገረኝ፤ የእሱን ይልቀቀው። አልቀየምም።»

የምትቀየመው አለመቀየሟን ስትናገር መሆኑን ያውቃል። «እልካለሁ» አላት።

ስልኩን መልሶ ሲያቆመው የባትሪው ምልክት ቀይ መሆኑን አየ። ቻርጀሩን አምጥቶ ሰካ። የስልኩ መስታወት ግን መሙላቱን አላሳየም። ማብሪያውን ሞከረ። መብራት ሄዷል።

ግቢው ውስጥ በር ሲንኳኳና ሰው ሲነቃ ተሰማ። ወዲያው የእሱም በር ተደበደበ።

«ዕዝራ! አንተ ዕዝራ! አለህ ወይ?»

አዴ ዛምዛም ናቸው፤ የግቢው አከራይ። በማቀዝቀዣቸው ውኃ በላስቲክ እያስገቡ በረዶ አድርገው ይሸጣሉ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሐዘን የተቀመጡ ያህል ነው። በሩን ሲከፍትላቸው አንድ ላስቲክ በረዶ በእጃቸው ይዘዋል።

«ያ አላህ! በዚህ ሙቀት መስኮት ዘግተህ? እንደ ሳምቡሳ ልትጠበስ ነው? ነገ እኅትህን የምትድር ሰው እኮ ነህ!»

«እየቀዳሁ ነበር፣ አዴ።»

«ምን ትቀዳለህ?»

ኡዱን አሳያቸው።

«እሱንማ አውቃለሁ፤ ከግድግዳው ማዶ ነው የምተኛው። የዛሬው ግን ያንተ አይደለም። የሰው ኡድ ተውሰህ መጥተህ እንደሁ ብዬ ነበር።» በረዶውን እጁ ላይ አስቀመጡለት። «አንገትህ ላይ አድርገው። በነጻ ነው፤ ያው ሊቀልጥ ነው።» እያጉረመረሙም ወደ ማቀዝቀዣቸው ተመለሱ።

ዕዝራ መስኮቱን ከፈተ። በሩንም ገርበብ አደረገው። መብራቱ ሲመጣ እንዲያውቅ የቬንትሌተሩን ማብሪያ አብርቶ ተወው፤ ድሬ ውስጥ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው። ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብሎ በረዶውን ማጅራቱ ላይ ያዘ። ውኃው በጀርባው ሲንቆረቆር ትንሽ ረጋ አለ። ጥላው ከበሩ ደፍ ወደ ውስጥ እየረዘመ ነው። ቡልቻ የሰጠው ጊዜ እያለቀ ነው፤ ባትሪው እያለቀ ነው። ያለው ሙከራ አንድ ብቻ እንደሆነ ገባው፤ መጥፎም ቢሆን ያችው ትሄዳለች። ስልኩን ከቻርጀሩ ነቅሎ ፊቱ አቆመና የመቅጃውን ምልክት ነካ።

ዜማው አሁንም ራቁቱን ወጣ፤ ግን ይህን ጊዜ አላቆመም። ይዞት ሄደ። የመጀመሪያውን ሐረግ ጨረሰ። ሁለተኛው ላይ መቸኮል ሲጀምረው ተሰማውና ጥርሱን ነከሰ። ስልኩ ጥግ ላይ ቀዩ ምልክት ብልጭ ማለት ጀመረ። ባትሪው ከሞተ የቀዳውም አብሮ ይሄዳል።

ያኔ ከአናቱ በላይ አንድ ነገር አቃሰተ።

ቬንትሌተሩ ነው። ክንፎቹ እየከበዳቸው አንድ ዙር ዞሩ፤ «ቃ» አለ። ከዚያ ሁለተኛ። ከግቢው የአዴ ዛምዛም ድምፅ በመስኮቱ ገባ፣ «አልሐምዱሊላህ!»

ሁሉም ነገር ተበላሸ ብሎ አሰበ። ጣቶቹ ግን አልሰሙትም። ማጉረምረሙ ከጣሪያው ወርዶ ክፍሉን ሲሞላው ወፍራሙ ክር ሄዶ እላዩ ላይ አረፈ፤ ቤቱን እንዳገኘ ሰው። «ቃ» ሲል መምቻው አብሮት ወረደ፤ «ቃ» ሲል ቆየለት። በዜማው ውስጥ የተወው ክፍተት ሁሉ የቬንትሌተሩ ቦታ ነበር። ሲያጠፋቸው በነበሩት ቅጂዎች ሁሉ ዜማው ጎድሎ አያውቅም፤ ዛሬ ነው እሱ ራሱ ያጎደለው። ዓይኑን ጨፈነ። ግራና ቀኙ ላይ የተኙ ሰዎች ያሉ ይመስል ቀስ ብሎ፣ እንዳይቀሰቅሳቸው እየተጠነቀቀ፣ እስከ መጨረሻው ተጫወተው።

የመጨረሻው ክር እስኪሞት አልጠበቀም፤ ቅጂውን ዘግቶ ስልኩን ቻርጀሩ ላይ ሰካው። ደግሞ አላዳመጠውም። ካዳመጠው እንደሚያጠፋው ያውቃል። ለቡልቻ በቴሌግራም ላከው።

ትንሽ ቆይቶ ቡልቻ ደወለ።

«አቦ ዕዝሬ፣ ደርሶኛል። ቆንጆ ነው ወላሂ። ግን የሆነ ማሽን አለ ውስጡ፤ ወፍጮ ቤት ነው የቀዳኸው? ደግሞ አንዲት ሴትዮ ትጮኻለች።»

«እሱ…»

«አትጨነቅ፤ አጸዳዋለሁ። አንድ ፕሮግራም አለኝ፣ ሙልጭ ነው የሚያደርገው። ኡዱ ብቻ ይቀራል። እሺ?»

«አትንካው» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ግን ምን ብሎ ያስረዳዋል? ስለ ሰሌን? ስለ ሽርጥ? ስለ ተጣመመ ክንፍ? ባለሙያው የሚያውቀውን ሊያስተምር?

«እሺ» አለ ዕዝራ።

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ያችን «እሺ» መልሶ ሊውጣት የቻለ ይመስል አፉን በእጁ ያዘ።

በማግስቱ ዳሱ ውስጥ ቡልቻን ሊያናግረው ሁለቴ ተነሥቶ ነበር። መጀመሪያ ሲሄድ ቡልቻ በሚያስገመግም ዘፈን መሐል ሆኖ አውራ ጣቱን አሳየው፤ «ተጸድቷል!» የሚለውን ከከንፈሩ አነበበ። ሁለተኛው ላይ የሰፈሩ ወጣቶች እየጨፈሩ መንገዱን ዘጉበት፤ አንዱ ጎትቶ ወደ መሐል ሊያስገባው ሲል ዕዝራ ሸሽቶ ተመለሰ። ከዚያ የሙሽራው መኪና ጥሩንባ ተሰማ፤ አክስቱ ክንዱን ይዘው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት።

ወንበሩ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ከጎኑ አክስቱ፤ ከፊት ለፊቱ የዳሱ ሰው ሁሉ ስልኩን አንሥቶ። ኮቱ ውስጥ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። የት እንደሚያይ ጨነቀው፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያ ከጉልበቱ ሥር፣ እንደገና ጉልበቱ ላይ አደረጋቸው። ከሴቶቹ ረድፍ አዴ ዛምዛም አረንጓዴ ሻሻቸውን እያስተካከሉ «አይዞህ» በሚል ዓይን አዩት።

የኔነሽ ከበሩ ብቅ አለች። ቬሏ መሬት ይጠርጋል። ቡልቻ ማይኩን ያዘና «አሁን ደግሞ የሙሽሪት ወንድም ስጦታ!» አለ።

ሙዚቃው ጀመረ።

ኡዱ ነው። ግን ከሩቅ፣ በጉድጓድ ውስጥ እንዳለ። ወፍራሙ ክር የለም፤ ከማጉረምረሙ ጋር አብሮ ታጥቦ ሄዷል። የቀሩት ቀጫጭን ድምፆች እየተደናቀፉ ያለ ምክንያት ይቆማሉ፤ ያለ ምክንያት ይነሣሉ። የኔነሽ መሐል ላይ ስትደርስ እርምጃዋ ዘገየ። ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ አዳመጠች። ከዚያ ዕዝራን አየችው። አልተቆጣችም፤ ፈገግ ለማለት እንኳ ሞከረች። ልጅ ሆና የተሰበረ መጫወቻ ሲሰጣት «ቆንጆ ነው» የምትልበት ፈገግታ ነበር።

ያንን ነው ያልቻለው።

እጁን አነሣ። «አቁም!»

ማንም አልሰማም። አክስቱ ብቻ ደንግጠው ዞሩ። ዕዝራ ከወንበሩ ሳይነሣ ደረቱን ሞልቶ ተነፈሰ።

«ቡልቻ! አቁመው!»

ሙዚቃው ተቆረጠ። አንድ የለስላሳ ጠርሙስ ሲንከባለል እስኪቆም ድረስ ተሰማ። ሙሽራው ከበሩ አጠገብ ወደ ሚዜዎቹ ዞሮ «ምን ሆነ?» አለ። ከኋላ አንዲት ሴት «ውይ፣ ሊከለክላት ነው እንዴ?» ስትል ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

«ምን አጠፋሁ አቦ?» አለ ቡልቻ፤ በማይኩ መሆኑን ረስቶ።

ዕዝራ ሁሉም ሰው እያየው መሆኑን ያውቃል። የጆሮው ጫፍ ይነድዳል። የሚናገረው ግን ለእሷ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ዓይኑን ከየኔነሽ ሳይነቅል ተናገረ።

«ትናንት እሺ ያልኩህ ተሳስቼ ነው። ያላጸዳኸውን ልቀቀው። እኔ የላክሁትን።»

«ማሽኑ አለበት እኮ!»

«ከነማሽኑ።»

ቡልቻ ትከሻውን ነቀነቀና ስልኩ ውስጥ መፈለግ ጀመረ። ያ ጊዜ ረዘመ። የኔነሽ ቬሏን በእጇ ጨብጣ መሐሉ ላይ ቆማለች። አጥፍቶት ቢሆንስ? ዕዝራ ትንፋሹን ይዞ የቡልቻን አውራ ጣት ይከተላል፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ።

«አለ» አለ ቡልቻ።

ኡዱ ብቻውን ጀመረ፤ ትንሽ የሚቸኩል፣ ትንሽ የሚፈራ። ከዚያ በሞንታርቦዎቹ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር አቃሰተ። «ቃ» አለ። የዳሱ ሰው በሙሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ሸራው ጣሪያ አየ። ቀጥሎ፣ ሁሉም ጆሮውን ባቀናበት ቅጽበት፣ የአዴ ዛምዛም ድምፅ ሳቢያንን አናወጠው፣

«አልሐምዱሊላህ!»

«ኡኡ! እኔ ነኝ!» አሉ አዴ ዛምዛም፤ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ጎተቱት። ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ ያሉ ሽማግሌ «አሜን!» ሲሉ ሌሎችም ተቀበሏቸው፤ እልልታው ተከተለ።

የኔነሽ ግን አልሳቀችም። ወፍራሙ ክር ማጉረምረሙ ላይ ሲያርፍ እጇ ቬሉን ለቀቀው። በቀስታ፣ ከ«ቃ»ው ጋር እየረገጠች መጣችና ወንድሟ እግር ሥር ተንበረከከች። ግንባሯን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች። መጀመሪያ ሰዎቹ ስማ እስክትነሣ ጠበቋት። አልተነሣችም። ጉንጯን አዙራ፣ ቀትር ላይ ሰሌኑ ላይ እንደምትተኛው፣ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ዕዝራ የት እንደሚያደርጋት ያጣትን እጁን ራሷ ላይ አኖረ።

«ከቬንትሌተሩ በላይ አልወጣህም» አለችው፤ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «አይቆጣህም።»

ቀጣዩ ቅዳሜ ደረሰ። ቀትር ላይ በሩን ቀረቀረ። የየኔነሽ አልጋ ባዶውን ነው፤ ፍራሹ ላይ የረሳችው የፀጉር ማስያዣ አለ። አላነሣውም። ቬንትሌተሩን አበራ፤ ሰሌኑ ላይ ቁጭ አለ፤ ኡዱን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ወፍራሙን ክር ማጉረምረሙ ላይ ቃኘው። ትናንት ፋብሪካው ውስጥ ጭንቅላቱ ውስጥ የገባች አንዲት አዲስ ሐረግ ነበረችው። ወዴት እንደምትሄድ ገና አያውቅም። አንዴ ነካት። ደገማት። በሦስተኛው ላይ አንዲት ጣቱን ቀየረና ብቻውን ፈገግ አለ።

ከግድግዳው ማዶ የአዴ ዛምዛም አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ።

«ዕዝራ! ትንሽ ጨምረው፤ አይሰማም!»

ጣቶቹ ክሩ ላይ ቆሙ። ይህችኛዋ ገና የእሱ ብቻ ናት። ከዚያ ተነሣና፣ ቅር እንዳይላቸው ቀስ አድርጎ፣ መስኮቱን ዘጋው።